ሲስተር አለች?

ደብተሩ አልጋው ላይ ቀርቶ ነበር። የሺሀረግ የታናሽ እህቷን የጸሐይን እግር በሳፋ እያጠበች ቀና ስትል አየችውና ክው አለች። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ የተላላጠ፣ ላዩ ላይ በራሷ በየሺሀረግ እጅ «ይርጋለም ደስታ፣ የማታ ነርስ ትምህርት» ተብሎ የተጻፈበት ደብተር ነው።

«ውይ እማዬ!» አለች ጮክ ብላ።

እናቷ ከወጣች ሩብ ሰዓት ሆኗታል። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ፈተና አለ፤ ደብተርም ይሰበሰባል። ደብተር ያላስረከበ ተማሪ ከመቶ አስር እንደሚቀነስበት የነገረቻት ራሷ እናቷ ናት፣ ያውም ዛሬ ጠዋት ሻይ እየጠጡ።

የሺሀረግ ብዙ አላሰበችም። ሦስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራትን ጸሐይን እግሯን በቅጡ እንኳ ሳታደርቅላት አዘለቻት፤ ደብተሩን ብብቷ ሥር ሸጉጣ በሩን ቆለፈች። ደጃፉ ላይ ጎረቤታቸው እትዬ አበራሽ ልብስ እያሰጡ ነበር።

«የት ነው እንዲህ መክነፍ?»

«እማዬ ደብተሯን ረስታ ነው፣ ዛሬ ፈተና አለባት!»

«አይ ሲስተር! በይ ሩጪ፣ ሩጪ!»

እውነቱን ለመናገር ይርጋለም ገና ሲስተር አልሆነችም። በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ናት፤ ቁስል ታጥባለች፣ መርፌ ትቀቅላለች፣ የሰፈሩን ሕፃናት ትወጋለች። ሲስተር የሚባለው ተምሮ የተመረቀ ነርስ ነው። ሰፈሩ ግን ምረቃ ድረስ የሚጠብቅበት ትዕግሥት አልነበረውም። የማታው ትምህርት ውስጥ ገባች የተባለ ዕለት ሹመቱን ሰጥቶ ጨረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን የሚያንኳኳ ሁሉ «ሲስተር አለች?» ነው የሚለው፤ የሺሀረግም «አለች፣ ግቡ» ስትል አንገቷ አንድ ስንዝር ይረዝማል።

ኩራቷ ያለ ነገር አልነበረም። ፎርሙን የሞላችው እሷ ናት። ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እናትና ልጅ ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው «ጽሑፍሽ ከእኔ ይሻላል፣ አንቺ ጻፊው» ተብላ። «ነርስ ለመሆን ለምን ፈለጉ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጡት ሦስት መስመሮች አልበቋትምና ጠርዙ ላይ ሁሉ ጽፋለች። ለቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ሁለት ሳምንት ተመላልሰዋል፤ ሊቀመንበሩ የለም፣ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ገብቷል፣ ነገ ተመለሱ። የተቀባዮቹ ዝርዝር የተለጠፈ ዕለትም አሥራ ሰባተኛው ላይ የእናቷን ስም ያገኘችው እሷ ነበረች። ጩኸቷን የሰማው ዘበኛ ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ መጣ።

አባቷ ቶሎሳ፣ ሩቅ አገር አሚባራ ባለው የመንግሥት እርሻ ውስጥ ትራክተር ነጂ ነው፤ በሁለት ወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። ስለዚህ ስምምነቱ በእናትና በልጅ መካከል ብቻ ነበር። ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከአሥራ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት፣ የሺሀረግ ጸሐይን ትይዛለች፣ ራትም ትሠራለች፤ እናቷ ትማራለች። «ሦስት ዓመት ብቻ ታገሺኝ። ከዚያ ያንቺ ተራ ነው» ነበር ያለቻት።

መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ወዳው ነበር። እናቷ ስትመለስ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ እንደ አስተማሪ ትቀመጥና ከደብተሩ ላይ ትጠይቃታለች። «ልብ ስንት ክፍል አለው? ደም ከየት ወደ የት ይሄዳል?» እናቷ ስትሳሳት ኤክስ፣ ስታገኝ ራይት፤ ከገጹ ግርጌ ደግሞ «ጎበዝ፣ በርቺ» ብላ ትፈርምላታለች። ከጥር ወዲህ ግን ቀዩ እስክሪብቶ ደብተሩ መሃል እንደተሰካ ሥራ ፈቷል። «አሁን በቡድን ነው የምናጠናው፣ አንቺ አትድከሚ» አለቻት እናቷ። የሺሀረግን ትንሽ ቅር ቢላትም አመነቻት። ለምን አታምናትም?

ያስከፈላት ነገር ግን ቀላል አልነበረም። ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ቲቸር መሸሻ የሚሰጡት የሒሳብ ማጠናከሪያ ደግሞ ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። አምና ከክፍሉ ሦስተኛ የነበረችው ልጅ ዘንድሮ በግማሽ ዓመቱ ሃያ ሁለተኛ ወጣች። ትናንት ቲቸር መሸሻ ኮሪደር ላይ አስቁመዋት፣ «የሺ፣ ሰኞ ካልመጣሽ ስምሽን እሰርዘዋለሁ። ቦታውን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ» ብለዋታል። ለእናቷ አልነገረቻትም። ፈተና ላይ ያለ ሰው አይረበሽም ብላ።

አሁን ከቁስቋም መውጫ ቁልቁል ወደ ጳውሎስ እየሮጠች ነው። ጸሐይ ጀርባዋ ላይ እየተንገጫገጨች ትስቃለች። ከጳውሎስ ወረድ ብሎ ካለው ትምህርት ቤት ስትደርስ ላብ አጥምቋት ነበር። ተማሪዎቹ በር ላይ ቆመው ያወራሉ። መካከላቸው ጋሽ ወልዱ አለ፤ የሌላ ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ነው፣ በምዝገባው ዕለት ከእናቷ ጋር ተሰልፎ ታውቀዋለች።

«የይርጋለም ልጅ! ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ ጋሽ ወልዱ። እማዬ ገብታለች? ደብተሯን ረስታው ነው፣ ለፈተናው።»

ጋሽ ወልዱ ደብተሩን አየ፤ ቀጥሎ እሷን አየ።

«የምን ፈተና?»

«የዛሬው ነዋ።»

«ዛሬ ፈተና የለንም። እናትሽ ደግሞ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከጥር ወሩ ፈተና በኋላ አልመጣችም እኮ። አልነገረችሽም እንዴ?»

የሺሀረግ «አዎ፣ ረስቼው ነው» አለች። ምን እንዳለች እሷም አላወቀችውም። ጋሽ ወልዱ ሌላ ነገር ሳይጠይቃት ፊቷን አዙራ ሄደች። መንገድ ዳር ቆማ ደብተሩን ገለጠችው። የመጨረሻው ቀን ጥር 14 ይላል። ከሥሩ የራሷ ቀይ ፊርማ አለ፦ «ጎበዝ፣ በርቺ።» ከዚያ ወዲያ ገጹ ሁሉ ባዶ ነው። አሁን ሚያዝያ ነው።

መጀመሪያ የመጣላት ፍርሃት ነው። እናቷ የት ነው የምትሄደው? ታማለች? ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ አማኞቹ በየቤቱ ተደብቀው ይጸልያሉ፤ ከእነሱ ጋር ተይዛ ይሆን? ግን ብትያዝ ማታ ማታ እንዴት ቤት ትገባለች? እንዲህ እያሰላሰለች ሽቅብ ስትመለስ፣ ከፋርማሲው ቀጥሎ ባለው ሻይ ቤት መስታወት ውስጥ አየቻት።

እናቷ ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ነጩ ጋዋን ታጥፎ ጎኗ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከፊት ለፊቷ አንድ ብርጭቆ ሻይ አለ። ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አውልቃ እግሮቿን አጣምራ ሬዲዮ ታዳምጣለች። ሬዲዮው አንድ የሚያስቅ ነገር ሳይናገር አልቀረም፣ ይርጋለም ሳቀች። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ነው የሳቀችው። የሺሀረግ እናቷ ቤት ውስጥ እንዲህ ስትስቅ ካየች ቆይታለች።

ታማ ብታገኛት በወደደች። እያለቀሰች ብታገኛት ሮጣ ገብታ ባቀፈቻት። ሳቋ ግን አንጀቷን አቃጠለው። ሦስት ወር! ሦስት ወር ሙሉ እሷ ሽሮ ስታማስል፣ ጸሐይን ስታባብል፣ የሒሳብ ደብተሯን በልጅ ልቅሶ መሃል ስትገልጥ፣ እናቷ እዚህ ጫማዋን አውልቃ ሬዲዮ ታዳምጣለች።

«እማ!» አለች ጸሐይ መስታወቱን እየጠቆመች።

«አይደለችም» አለች የሺሀረግ። በፍጥነት አለፈች።

ይርጋለም ሁለት ሰዓት ሲሆን ገባች። ጋዋኑን ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና «ኡፍ፣ ዛሬስ ደከመኝ» ብላ ተቀመጠች።

«ፈተናው እንዴት ነበር?» አለቻት የሺሀረግ ከምድጃው ዞር ሳትል።

«ምንም አይል። ስለ ኩላሊት ነው የመጣው።»

«ደብተርስ ሰበሰቡ?»

«ሰበሰቡ እንጂ።»

የሺሀረግ ዞረችና ሰማያዊውን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ጋሽ ወልዱ ሰላም ብሎሻል።»

ይርጋለም ደብተሩን አየችው። እጇ ወደ እሱ ተንቀሳቀሰና መሃል መንገድ ላይ ቀረ።

«ሻይ ቤቱም ጋ አይቼሻለሁ» አለች የሺሀረግ። «አምና ሣራ ቤት ሄጄ ላይብረሪ ነበርኩ ያልኩሽ ጊዜ አንድ ሳምንት አላናገርሽኝም። ውሸት እዚህ ቤት አይገባም ብለሽ። ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሠላሳ ስምንት አገኘሁ፣ ከመቶ» አለች ይርጋለም። «ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ከሃምሳ በታች ያመጣ በመስከረም እንደገና ይጀምር ተባልን። ያን ዕለት ልነግርሽ ነበር የመጣሁት። በሩ ላይ አበራሽ 'ሲስተር፣ ልጄን እይልኝ' አለችኝ። አንቺ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶሽን ይዘሽ ትጠብቂኛለሽ። አፌ አልከፈት አለኝ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገም ነገ ሆነ።»

«ሦስት ወር ሙሉ?»

«መጀመሪያ ላይ ማፈሬ ነበር። ከዚያ...» ይርጋለም ቀና ብላ ልጇን አየቻት። «ከእንግዲህ ልዋሽሽ አልፈልግም። ከዚያ ጣመኝ። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ሰው የማይጠራኝ ሰዓት ኖሮኝ አያውቅም። እዚያ ስቀመጥ ማንም ውሃ አምጪ፣ ቁስል እጠቢ አይለኝም። ሦስት ሰዓት ብቻ ናት አልኩ።»

«የእኔ ሦስት ሰዓት ነበረች!» የሺሀረግ ጮኸች። ጸሐይ ደንግጣ አለቀሰች። «ሃያ ሁለተኛ የወጣሁባት! ቲቸር መሸሻ ሰኞ ካልመጣሽ ስምሽን እሰርዛለሁ ብለውኛል። ፈተና ላይ ነሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ!»

ይርጋለም እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የሺዬ...» አለች። ዋሽታ ሰበብ ብትደረድር ለየሺሀረግ ይቀላት ነበር፤ መጥላት ትችል ነበር። እውነቱን ስለነገረቻት ንዴቱንም ኀዘኑንም የምታስቀምጥበት አጣች። ራቱን ማንም ሳይነካው አደረ።

ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ በዝምታ አለፉ። «ጨው አቀብዪኝ»፣ «እንኪ»፣ በቃ። እሑድ ጎረቤት እንዳይሰማ ሬዲዮውን ጮክ አድርገው ከፍተው በሹክሹክታ ሲጸልዩ እናቷ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተቆረጠ። የሺሀረግ ሰምታለች። ዓይኗን ግን አልገለጠችም።

ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ይርጋለም እንደ ልማዷ ተነሥታ ጋዋኑን ከሚስማሩ አወረደች። ከዚያ ክንዷ ላይ እንደያዘችው መሃል ቤት ቆማ ቀረች። የሚሄድበት የለም፤ ሰፈሩ ደግሞ ሰኞ በዚህ ሰዓት ትምህርት ቤት እንዳለች ነው የሚያውቀው።

የሺሀረግ ጸሐይን ከምንጣፉ አነሣቻትና እናቷን አስታቀፈቻት። የሒሳብ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሰማያዊው ደብተር ከሐሙስ ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። ገለጥ አድርጋ ቀዩን እስክሪብቶ ከመሃሉ አወጣችና እሱንም ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው።

«በልታለች» አለች። «ማጠናከሪያ አለኝ።»

«እሺ» አለች ይርጋለም። ልጇ በሩ ላይ ስትደርስ ጠራቻት። «የሺ... ሰው ቢጠይቅሽስ?»

የሺሀረግ የሚጠየቀው ምን እንደሆነ ገብቷታል። በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

ከግቢው በር ሳትወጣ እትዬ አበራሽ ትኩሳት ያደከመውን ልጃቸውን አቅፈው ሲገቡ ተገናኙ። በሌላው እጃቸው ከፋርማሲ የገዙትን መርፌ ይዘዋል።

«የሺዬ፣ እንኳን አገኘሁሽ! ሲስተር አለች? ወይስ ትምህርቷ ሄደች?»

የሺሀረግ ቆመች። ከኋላዋ በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤ እናቷ እየሰማች እንደሆነ ታውቃለች። «ሄዳለች» ማለት ቀላል ነው፤ እናቷን ለአንድ ቀን ታተርፋታለች። «ወድቃለች፣ ዋሽታናለች» ማለትም ቀላል ነው፤ ከሐሙስ ጀምሮ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው ያለው።

«እናቴ ቤት ናት» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሰዓት ቤት ናት።»

«እንዴ፣ ትምህርቱስ?»

«እሱን እሷን ይጠይቋት። ይግቡ፣ ትወጋልዎታለች።»

ቦርሳዋን አስተካክላ ቁልቁል መውረድ ጀመረች። ከኋላዋ እትዬ አበራሽ በሩን ሲያንኳኩና «ሲስተር!» ብለው ሲጣሩ ሰማች። እናቷ ምን ብላ እንደመለሰች ለመስማት አልቆመችም። ማጠናከሪያው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ነበር የቀረው።