ከሸራው ሥር

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ ፈትሁዲን፣ ገና ማንም ሳይጠይቀው።

ኢንስፔክተር ራሄል ቀና ብላ አየችውና መልሳ ወደ አስከሬኑ ጎንበስ አለች። ጥላዬ፣ ያ ሳቂታ ልጅ፣ በረሻድ አባት የቃጫ መጋዘን ውስጥ ሸራ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። አንገቱ ተሰብሯል። ደጅ፣ የሺንሺቾን ከተማ ሲቀጠቅጣት የዋለው ዝናብ አሁን ገና ማባራቱ ነው።

እንግዲህ የልጆቹን ነገር ልንገራችሁ። አራት ጓደኛሞች ናቸው። በፊልም ያዩትን ሬስሊንግ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ይጫወቱታል። ከእንሰት የተፋቀውን ቃጫ ሲሚንቶው ላይ ወፈር አድርገው ይጎዘጉዙና ሸራ ያለብሱታል። ፈትሁዲን ያነሳል፣ ጥላዬ ይወድቃል፣ ረሻድ ይዳኛል፣ ሶፎንያስ በስልኩ ቀርጾ ይለቀዋል።

«ተጣልታችሁ ነበር?» አለች ራሄል።

«ኧረ በፍጹም! ጠዋት እናቱ ቤት አብረን ነው ቁርስ የበላነው።»

«ታዲያ ገደልኩት የሚያሰኝህ ምንድን ነው?»

ፈትሁዲን የሌላ ሰው እጅ እንደተገጠመለት ሁሉ መዳፎቹን አገላብጦ አየ። መታሰሩ አላስፈራውም፤ የፈራው የጥላዬን እናት፣ የእታለምን ዓይን ነው። ጠዋት እያጎረሰችው «ልጄን አደራ» ብላዋለች። አንድ ነገር ሊናገር ጀመረና ዋጠው።

«በእነዚህ እጆች አይደል የወረወርኩት?» አለ።

ራሄል ረሻድን ወደ በሩ ወሰደችው። «ከወደቀ በኋላስ?»

«አልተነሳም። ‹ተነስ እንጂ አንተ፣ ትወናህ በዛ!› ብዬ ስቄበታለሁ፤ አፈር ልብላ። ከዚያ እኔና ፈትሁዲን ባጃጅ ፍለጋ ሮጥን። ባለባጃጁ ነው አይቶት ፖሊስ የጠራው።»

«ሶፎንያስስ?»

«እሱ ጋ ቀረ።»

ሶፎንያስ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ቆሟል። «እኔ ቀረጻ ላይ ነበርኩ ኢንስፔክተር። ምንም አልነካሁም።»

«ስልኩን ስጠኝ።»

ቪዲዮውን አየችው። ጥላዬ እየሳቀ ወደ ሸራው መሃል ያፈገፍጋል። እግሩ መሃሉን ሲረግጥ ሳቁ ይቆምና ወደ ታች ያያል። ወዲያው ፈትሁዲን ወገቡን ይዞ ያነሳዋል። የጥላዬ መዳፍ የፈትሁዲንን ጀርባ ሁለቴ ቸብ ቸብ ያደርጋል። ከዚያ ውርወራው። ከዚያ ጓ የሚል ድምፅ። ራሄል ያለፈውን ሳምንት ቪዲዮ ከፈተች። የዚያኛው አወዳደቅ ድምፁ የታፈነ ነው፤ እንደ ትራስ።

ተንበረከከችና እጇን ከሸራው ሥር ሰደደች። ስታወጣው መዳፏ ረጥቧል።

የጥላዬ እናት እታለም ስትደርስ ራሄል ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ከጎኑ ያለውን ቃጫ ንኩት። እርጥብ ነው። ጣሪያው አያፈስም፣ ሸራውም ከላይ ደረቅ ነው። ስለዚህ ይህ ቃጫ ሲዘንብ ደጅ ነበር ማለት ነው። ከልጁ ሥር ደግሞ ጭራሽ የለም፤ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ከወደቀ በኋላ አንድ ሰው ቃጫውን መልሶ ጎሰጎሰው። ከሥሩ ለማስገባት ግን ልጁን ማንሳት ነበረበት፤ ያን አልደፈረም። ብቻውን አብሮት የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ሶፎንያስ ከሸራው ራቅ አለ።

«‹ውሸታሞች፣ ፍራሽ ላይ ነው የሚወድቁት› እያሉ ቪዲዮውን የሚያዩት ሲሳለቁብን... ድምፅ እንዲወጣ ብዬ ነው። መሃሉን ብቻ ነው ያነሳሁት። ፊልም ላይ ስንቱ ተፈጥፍጦ ይነሳ የለም እንዴ?»

«ፊልም ላይ ያሉት የሚወድቁበትን ያውቁታል» አለች ራሄል። «ጥላዬም አወቀ፤ በእግሩ። ለዚህ ነው ሳቁ የቆመው። ለዚህ ነው ጀርባህን ቸብ ቸብ ያደረገው፣ ፈትሁዲን። ምን ማለት ነው እሱ?»

ረሻድ መለሰላት። «‹ተወኝ› ነው። ምልክታችን ነው። ግን ለቪዲዮም እንጠቀምበታለን፤ እየለመነ ሲወረወር ሰው ደስ ይለዋል።»

«እንግዲያው ማስመሰል መስሎህ ነው» አለች ራሄል፣ ድምጿን አለስልሳ። «በራስህ ላይ አትፍረድ።»

ለፈትሁዲን መውጫ ተከፈተለት። እሺ ቢል በዚያው ይወጣል። የእታለም ዓይን ግን እሱ ላይ ነው።

«አልመሰለኝም» አለ። «ለቪዲዮ ሲሆን እንዲታይ በኃይል ነው የሚመታኝ። ዛሬ ቀስ ብሎ ነው፤ ለእኔ ብቻ። የምሩን እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። ግን አንስቼዋለሁ... ካሜራውም ይቀርጻል... ከለቀቅኩት ይሳቅብናል ብዬ...»

እታለም አልጮኸችም። ልጇ አጠገብ ቁጭ ብላ ግንባሩን ዳሰሰች።

«ሲሚንቶ ላይ አይቆይብኝ» አለች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ «ና፣ አንሳው።»

ፈትሁዲን ራሄልን አየ። ራሄል ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ሄዶ ወገቡን ያዘው፤ እንደ ቅዳሜዎቹ ሁሉ። አነሳው። ጀርባው ላይ ሁለቴ ቸብ የሚያደርገውን እጅ እየጠበቀ፣ ማስቀመጥ አቅቶት ቆሞ ቀረ።