በከረጢት ያለችው ምስክር

«ስንት ናቸው?» አለ ድልድይ።

«አሥራ ስምንት።»

«ሁሉም ከዳክዬ?»

«ሁሉም።»

የበረዶ ሳጥኑን ከእጇ ተቀብሎ በመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጠው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይዋ ከአሁኑ ታቃጥላለች። የቆሙት ከመድኃኒት ፋብሪካው አጥር ውጭ፣ አሮጌ የጭነት መኪናዎች የሚጣሉበት ሜዳ ላይ ነበር። ከኋላቸው የፋብሪካው የፍሳሽ ኩሬ በሸምበቆ ተከቦ ተንጣሏል። ከማዶ ጥይት ይጮኻል። የፋብሪካው ጥበቃዎች ከንጋት ጀምረው ኩሬው ላይ ያረፉትን የዱር ዳክዬዎች እየለቀሙ በጥይት ይመታሉ።

በስለላ መሥሪያ ቤቷ መዝገብ የምስጢር ስሟ እንዝርት ነው። እዚህ ግን ሰባት ወር የኖረችው «አዲሷ ቀለበት አሳሪ» ተብላ ነው። ፋብሪካው ለታይታ ባቋቋመው የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ተቀጥራ ወፎችን በመረብ ትይዛለች፤ እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ታስራለች፤ ክብደታቸውን ትመዘግባለች። ያልመዘገበችው አንድ ነገር ቢኖር ከእያንዳንዷ ዳክዬ ኩስ በጥጥ ነክታ በብልቃጥ ያስቀረችውን ነው።

ብልቃጦቹ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አሥራ አንድ ዓይነት መድኃኒት አይበግረውም። ፋብሪካው የመድኃኒት ዝቃጩን ኩሬው ውስጥ ሲደፋ ባክቴሪያው በየቀኑ እየቀመሰ ለመደው። ዳክዬዎቹ ከኩሬው ጠጡ። ከዚያ በረሩ፤ ባረፉበት ውሃ ሁሉ ጣሉት። በሦስት ከተሞች ወላዶች ከአራስ አልጋ ሳይነሱ በተራ ቁስል ሞተዋል።

ከነገ ወዲያ አጣሪ ኮሚሽን ይሰየማል። ማስረጃ ካልቀረበ የፍሳሽ ቱቦው ለሃያ ዓመት ይፈቀዳል። ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ አብቅሎ ለመፈተን ሁለት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ከቀትር በፊት መድረስ አለበት። ከነሕይወቱ። የሞተ ባክቴሪያ የትኛውን መድኃኒት እንደሚቋቋም አይናገርም።

ይህን ሁሉ ያስተማራት ድልድይ ነው። ስድስት ዓመት አለቃዋ ነበር። «ፀሐይ የነካው ብልቃጥ ከኩሬ ውሃ አይሻልም» የሚለው የእሱ አባባል ነው።

«ሌላ ቦታ ያስቀመጥሽው አለ?»

«የለም።»

«ከአንቺ ጋር የሚሠራው ሽማግሌስ? ያውቃል?»

«መረብ ከመትከል ሌላ የሚያውቀው የለም» አለች። ውሸት ነበር። ለምን እንደዋሸች ለራሷም ገና አልገባትም።

ድልድይ ሳቀ። ጡረታ ሲወጣ እሱም ዳክዬ እንደሚያሳድድ፣ ዳክዬ ቢያንስ ሪፖርት ዘገየ ብላ እንደማትነዘንዝ እየነገራት የሳጥኑን ክዳን ከፈተ። ብልቃጦቹን ከነመያዣቸው አውጥቶ ኮፈኑ ላይ አቆማቸው። ከዚያ ሳጥኑን ገለበጠ።

በረዶውን ደፋው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ስድስት ዓመት ሙሉ እየሳቀች ነበር ማለት ነው።

ዓይኗ ወደ ክንዱ ሄደ። በዚህ ሙቀት ክንዱ ላይ ያጣጠፈው ኮት ምን ያደርግለታል? ከኮቱ ሥር የሽጉጥ ድምፅ ማፈኛ ጫፍ ብቅ አለ።

ቀደመችው።

የቀለበት ማሰሪያ ፒንሳዋን ከኪሷ መዝዛ የእጁ አንጓ ላይ አሳረፈችው። አጥንቱ ቋ አለ። ሽጉጡ ባርቆ የመኪናውን መስታወት አረገፈውና ከእጁ ወደቀ። ድልድይ በሌላው እጁ ፀጉሯን ጨምድዶ ግንባሯን ከኮፈኑ ጋር አጋጨው። አንዴ። ሁለቴ። ዓለም ጨለመባት።

«አታስቸግሪኝ» አላት በጆሮዋ። «ላንቺው ብዬ ቶሎ ልጨርሰው ነው።» ድምፁ ሪፖርት የሚያነብ ይመስል ነበር።

ግራ እጇ የተሰበረ መስታወት አገኘ። ጨብጣ ወደ ኋላ ሰነዘረችው። ስለቱ ከቅንድቡ እስከ ጉንጩ ተረተረው። የእሷንም መዳፍ እስከ አጥንቱ ከፈለው። ድልድይ ለቀቃት፤ ደሙ ዓይኑን ሞላው።

ሮጠች። ከኋላዋ መስታወት ሲደቅቅ ሰማች። ብልቃጦቹን በጫማው ተረከዝ እየፈጫቸው ነበር። አንድ በአንድ፤ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው።

ኩሬው ውስጥ ገባች።

ውሃው እስከ ደረቷ ደረሰ። ሙቅና ቅባታም ነው፤ ዝገትና ሆምጣጤ ይሸታል። መዳፏ እንደ እሳት ተንገበገበ። ጥይት ከጎኗ ውሃውን ቀደደው። የተመቱ ዳክዬዎች በጀርባቸው ይንሳፈፋሉ። በመካከላቸው አንገቷን ብቻ አውጥታ፣ እንደ አንዷ ሬሳ፣ ወደ ሸምበቆው ቀዘፈች።

የቀለበት ማሰሪያው ጎጆ ከሸምበቆው መሐል፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ ቆሟል። ሽማግሌው በሩ ላይ ነበር። የሠፈሩ ሰው «ጋሼ መረብ» ይለዋል። አርባ ዓመት ወፍ ይዞ ለቋል። የጎረቤቱ ሚስት በወለደች በሳምንቷ ሞታ ነበር፤ እንዝርት ማንነቷን ስትነግረው ብዙ ሳይጠይቅ የተስማማው በዚያ ምክንያት ነው።

የሆነውን በሁለት ቃል ነገረችው። አልተገረመም። እጇን ገልጦ አየና «ውሃው ውስጥ ገባ?» አለ።

«ገባ።»

ሁለቱም ምን እንደገባ ያውቃሉ።

ከሸሚዙ ጠርዝ ቀዶ አሰረላት። ግድግዳው ላይ፣ ዛሬ ሊነጋ ሲል የተያዙ ወፎች የሚቆዩበት የጨርቅ ከረጢት ተንጠልጥሏል። አንድ ብቻ። ሽማግሌው አውርዶ ውስጥ ያለችውን ዳክዬ በጣቱ ዳበሰ።

«ብልቃጥ ብልቃጥ ስትዪ ዋናውን ዕቃ ረሳሽው» አላት። «ይቺ ሆዷ ውስጥ ይዛዋለች። የራሷ ሙቀት አላት፤ በረዶ አትልም፣ ክዳን አትልም። ቀለበቷን አስሬያለሁ። ቁጥሯም፣ ቦታውም፣ ሰዓቱም እዚህ አለ።» ከመዝገቡ ቅጠሉን ቀዶ ከረጢቱ ውስጥ ጨመረው። «ጨለማ ውስጥ ዝም ትላለች። ደረትሽ ላይ አድርጊያት። እንዳትጨምቂያት ብቻ።»

በመስኮቱ ሁለት ጥበቃዎች በእንጨቱ መተላለፊያ ሲመጡ ታዩ። ጠመንጃቸውን ወደ ፊት ይዘዋል።

«ጋሼ፣ አብረን እንውጣ።»

«በዚህ ጉልበት?» ካስማ የሚቀጠቅጥበትን መጥረቢያ ከጥግ አነሳ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። መርዙን የሚደፉት እነሱ፣ ጥይት የምትበላው ዳክዬ። አርባ ዓመት ወፍ ስይዝ አንድም ቀን ሰው ይዤ አላውቅም። ዛሬ ልሞክረው።» ከዚያ ቀልዱን ተወ። «ሂጂ፣ ልጄ። በሩን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።»

በኋላ መስኮት ወረደች።

ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄደች በሩ ሲሰበር ሰማች። መዞር አልነበረባትም። ዞረች። የመጀመሪያው ጥበቃ አንገቱ ሥር መጥረቢያው ተሰክቶበት ከመተላለፊያው ወደቀ። ሁለተኛው ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ሽማግሌው በሁለት እጁ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። አልወደቀም። ጥበቃው በሰደፍ ጣቶቹን ይመታቸው ጀመር፤ አንዱን እጅ ጨርሶ ወደ ሌላው።

አላለቀሰችም። ሸሚዟ ውስጥ የዳክዬዋ ልብ በፍጥነት ይመታል።

ከሸምበቆው የሚያስወጣው መንገድ አንድ ነው፤ በቦዩ ዳር የሚሄድ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን መተላለፊያ። ድልድይ ይህን ያውቃል። ካርታውን በየወሩ የላከችለት እሷ ናት።

መጨረሻው ላይ ቆሞ አገኘችው። ግማሽ ፊቱ ደም ነው፤ አንድ ዓይኑ ተዘግቷል። ሽጉጡን በግራ እጁ ይዟል።

እሱ የማያውቀው አንድ ነገር ነበር። ስስ መረብ ካርታ ላይ አይሰፍርም፤ ሽማግሌው ቦታውን በየጠዋቱ እንደ ነፋሱ ይቀይረዋል። ዛሬ በሁለቱ መካከል፣ የሸምበቆው ጥላ በሚወድቅበት ቦታ ተዘርግቷል። ከፀጉር የቀጠነ ክር ነው። ወፍ አያየውም። አንድ ዓይን ያለው ሰውም አያየውም።

ቆመች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ የያዘችው ነገር እንዳለ እንዲያይ።

አየ።

«ምን ይዘሻል?»

መልስ ሳትሰጥ ዘወር ብላ ወደ ኋላ ሮጠች። ድልድይ ተከተላት። አራት እርምጃ። አምስት። ከዚያ አየሩ ያዘው።

መረቡ ፊቱን፣ ክንዱን፣ ሽጉጡን በአንድ ጊዜ ጠቀለለ። ሲታገል ባሰበት። ካስማዎቹ ተነቀሉና ከነመረቡ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። ጥይቱ ወደ ሰማይ ሄደ። አንዱን ካስማ አንስታ ደረቱ ላይ ተከለችው።

ውሃው እስከ አገጩ ነበር።

«እንዝርት» አለ። «ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ሰው መድኃኒት እንደሚያጣ ታውቂያለሽ? እሱንም አስቢው።»

አሰበችው። እውነት ሊሆን ይችላል። ለሕዝብ የሚያስብ ሰው ግን በረዶ አይደፋም፤ አደባባይ ወጥቶ ይከራከራል።

በሙሉ ክብደቷ ካስማውን ተጫነችው። መረቡ ውስጥ ጣቶቹ ተዘረጉ፤ ታጠፉ፤ ተዘረጉ። አረፋው እስኪያቆም ጠበቀች። ካቆመም በኋላ ጠበቀች። ይህንንም ያስተማራት እሱ ነው።

ለቀትር ሃያ ደቂቃ ሲቀር ላቦራቶሪው በር ላይ ደረሰች። ኃላፊዋ ነጭ ጋውን የለበሰች ቀጭን ሴት ናት። ከረጢቱን ከፍታ አየች፤ ከዚያ የእንግዳዋን ፊት አየች።

«ብልቃጥ ነበር የተባልኩት።»

«ብልቃጡ ይቺ ናት። ወረቀቱም ከእሷ ጋር ነው።»

ሴትዮዋ ዳክዬዋን በሁለት እጇ አቅፋ ወደ ውስጥ ገባች። ከሁለት ቀን በኋላ፣ አጣሪ ኮሚሽኑ ፊት አሥራ አንድ የባክቴሪያ ማብቀያ ሳህን ቀረበ፤ ለእያንዳንዱ መድኃኒት አንድ። በሁሉም ላይ ባክቴሪያው እንደ ሻጋታ ለምልሟል። ቱቦው በሲሚንቶ ተደፈነ።

በአራተኛው ቀን አሥራ ሁለተኛ ሳህን ተጨመረ፤ ከእሷ መዳፍ የተወሰደ። ልዩነት አልተገኘም። ቀይ መስመሩ ከአንጓዋ አልፎ ወደ ክርኗ ወጥቶ ነበር። ቀዶ ጠጋኙ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚሰጣት መድኃኒት እንደሌለ ሳያለሳልስ ነገራት። ምርጫው እጇ ወይም እሷ መሆኑን አስረዳት። እጇ እንዲቆረጥ የምትፈቅድበትን ወረቀት በቀኟ ፈረመች፤ በውሸት ስም።

ከወር በኋላ አዲስ አለቃ መጣ። ወጣት ነው። የሽማግሌው ሬሳ በታሸገ ሣጥን ለቤተሰቡ መሰጠቱን ነገራት። ሪፖርቱ ሰክሮ ኩሬ ውስጥ ወድቆ ሞተ ይላል። ጥይት ከተጻፈ ጥያቄ ይመጣል፤ ጥያቄ ከመጣ መሥሪያ ቤቱ ጋ ይደርሳል።

«ይቀየር» አለች።

«አይቀየርም። እኛ እዚያ አልነበርንም።» ፋይሉን ዘጋ። «አንቺም አልነበርሽም።»

የሽማግሌው ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከጫማ ሰፊና ከፎቶ ቤት መካከል ነው። እንዝርት ከሰዓት በኋላ ገባችና ኮቷን አወለቀች። ግራ እጅጌው አላስፈላጊ ሆኗልና ታጥፎ እንዲሰፋላት ጠየቀች። ሴትዮዋ የተረፈውን ክንድ አየች፤ ምን ነካሽ አላለችም። በኖራ ምልክት አድርጋ ኮቱን ማሽኑ ሥር አስገባችው።

መንኮራኩሩ ይዞር ጀመር።

«ባለቤትዎ ሰክረው አልነበረም» አለች እንዝርት።

መንኮራኩሩ ቆመ። ሴትዮዋ ቀና አላለችም። ጣቷ መርፌው አጠገብ እንዳለ ቀረ።

«ማነሽ አንቺ?»

«እጅጌ ላሳጥፍ የመጣሁ ነኝ።»

ውጭ አንድ አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ፤ አለፈ።

«የመጠጥ ሽታ ያመው ነበር» አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ። «አውቃለሁ። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው ብዬ ነው የደከመኝ።»

ከዚያ ስፌቱን ጨረሰችው። ጠርዙን ሁለት ጊዜ ደርባ ሰፋችው፤ እንዳይተረተር። ክሩን በጥርሷ በጥሳ ኮቱን ራሷ ከኋላ ይዛ አለበሰቻት። እጇን ትከሻዋ ላይ ለአፍታ አቆየችው፤ አነሳችው።

መናኸሪያው በሰው ተጨናንቆ ነበር። ትኬት ቆራጩ ብዕሩን ሳያነሳ «ስም?» አላት።

የራሷ ያልሆነ አንድ ስም ነገረችው። ጻፈው። ቀጣዩን ተሳፋሪ ጠራ።