ስምንተኛው ቀዳዳ

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል የሰጡት ቃል እንዲህ ይላል፤ «ዛሬ ጧት አንድ ሰዓት ሲሆን የዋኘው ኳስ ስትመታ ሰማሁ። ዓይኔ ቢደክምም ጆሮዬ ደኅና ነው። አመታቱ እንደ ወትሮው ነበር። ልጄ እስከዚያ ድረስ በሕይወት ነበረ።»

ድሬሰር አድማሴ የሰጠው ቃል ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «አስከሬኑን ያየሁት ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከመንጋጋው እስከ እግሩ ጣት ድረስ ተገትሯል። ማጅራቱ ላይ ያለው ደም ደርቆ ጠቁሯል። ባሻ ዋኘው የሞቱት ማታ ነው፤ እራት ከበሉ ብዙም ሳይቆዩ።»

የመቶ አለቃ ሐብተ ማርያም ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ ደጋግሞ አነበባቸው። አሮጊቷ የሚዋሹ አይመስሉም። ድሬሰሩም ሃያ ዓመት ሙሉ አስከሬን ሲመረምር የኖረ ሰው ነው።

አለቃው ሻለቃ ግን አልተቸገረም። «ብርዱ ነው ያደረቀው» አለ። «ሐምሌ መሆኑን ረሳኸው? ኳሱ አንድ ሰዓት ላይ ተመታ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኮርቻ ሠሪው ሷሊሕ ወስፌ ይዞ፣ ሸሚዙ ደም ነክቶ ሬሳው አጠገብ ተገኘ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ስድስት ሰዓት ላይ ለዐቃቤ ሕግ አስረክበዋለሁ።»

«ሰውዬው ይሰቀላል፣ ጌታዬ።»

«ከገደለ ይሰቀላ!»

«ከገደለ» አለ ሐብተ ማርያም ቀስ ብሎ። ቆቡን አንሥቶ ወጣ። ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

የቁስቋምን ዳገት ሲወጣ ጉሙ ገና አልተነሣም። የፍርስራሹ ግንብ ጫፍ ብቻ ከጉሙ በላይ ይታያል። የባሻ ዋኘው ግቢ ከግንቡ ሥር ነው፤ በአንድ አጥር ውስጥ ሁለት ቤቶች አሉ፤ አንዱ የባሻ፣ አንዱ የእናታቸው።

ባሻ ዋኘው ኮርያ ዘምተው ሲመለሱ ከአንድ አሜሪካዊ ወታደር በስጦታ ያገኙትን ትንሽ የቆዳ ኳስ ይዘው መጡ። ቅርጿ ቅል ይመስላል። ከጣሪያው ወራጅ ጋር በተመታ ክብ ጣውላ ሥር አንጠለጠሏት፤ ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ለግማሽ ሰዓት በቡጢ ሳይመቷት ቀን አይጀምሩም። ጎረቤት መጀመሪያ ስቆባቸው ነበር። «ባሻ፣ ከማን ተጣልተው ነው?» ሲሏቸው «ከሆዴ ጋር» ይሉ ነበር። በኋላ ግን ሰፈሩ በኳሷ ድምፅ መነሣት ለመደ።

ሐብተ ማርያም ብቻውን ኳሷ ወዳለችበት ክፍል ገባ። ሬሳው ወደ እናታቸው ቤት ተወስዷል። ወለሉ ላይ ባሻ ክንዳቸውን ያጠነክሩበት የነበረ የብረት አሎሎ ወድቋል፤ የተመቱት በሱ ነው። ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር ሁለት ረጃጅም የአቡጀዲ ጥብጣቦች በሥርዓት ታጥፈው ተንጠልጥለዋል። ዳሰሳቸው፤ ደረቅ ናቸው።

ከዚያ ወደ ኳሷ ዞረ። እሱ ረጅም ሰው ነው፤ ባሻም በቁመት እኩያው ነበሩ። ኳሷ ግን ከደረቱ ትይዩ ነበረች። ብዙ ቆሞ ተመለከታት። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሳለ ኳሷ በነፋሱ ትንሽ ተወዛወዘች።

የባሻን ሚስት ጽጌሬዳን አስጠራት። ተድራ ከገባች ዓመቷ ነው፤ አጭር፣ ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ።

«ትናንት ማታ የት ነበርሽ፣ እመቤት?»

«እማማን ብርድ መቷቸው እሳቸው ዘንድ አደርሁ። ባሻን እራት አብልቼ ወጣሁ። ወንድማቸው አለነ ከዳባት መጥቶ አብሯቸው ነበር።»

«ተጣልተው ነበር?»

ጽጌሬዳ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ስለ አጎታቸው መበለት መሬት ነው። አለነ የኔ ነው ብሎ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ምሏል። ባሻ ‹ሰኞ ችሎት ገብቼ መሐላህ የሐሰት ነው እላለሁ› ሲሉት ሰምቻለሁ። ግን ጌታዬ፣ አለነ ማታውኑ ወደ አራዳ ወርዶ ማደሪያ ቤት አድሯል። ጧት ኳሷ ስትመታ እኔም ሰምቻለሁ።»

«እነዚህ ጥብጣቦች ምንድን ናቸው?»

«እጃቸውን የሚጠቀልሉባቸው ናቸው። ጣታቸው ከተሰበረ ወዲህ ሳይጠቀልሉ ነክተዋት አያውቁም። ሲጨርሱ በላብ ርሰው አጥባቸዋለሁ።»

«ዛሬስ?»

ጽጌሬዳ ጥብጣቦቹን አየች። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ። «ትናንት አጥፌ እንደ ሰቀልኋቸው ናቸው» አለች።

ሷሊሕን እጁ በሰንሰለት ታስሮ ይዘውት መጡ። ኮርቻና ልጓም የሚሠራ ቀጭን ረጅም ሰው ነው፤ አባቱም አያቱም በዚሁ ሙያ ጎንደር ውስጥ ኖረዋል።

«ከዓምና ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆዳውን ስብ ልቀባ፣ በውስጧ ያለውን ፊኛም ልመለከት እመጣለሁ» አለ። «ዛሬም መጣሁ። አያ ዋኘው በግንባራቸው ተደፍተው አየኋቸው። ምነው ብዬ ቀና ሳደርጋቸው ነው ከሥራቸው ያልደረቀው ደም የነካኝ።»

«ኳሷ የተንጠለጠለችበትን ይህን ጠፍር የሠራኸው አንተ ነህ?»

«የዛሬ አምስት ዓመት። ኳሷ በሱ ነው ከፍና ዝቅ የምትለው። አሥር ቀዳዳ አለው።»

«አሥር ለምን?»

«የኳሷ ሆድ ከሚመታት ሰው አፍ ትይዩ መዋል አለበት። ከፍ ካለች ትከሻ ይዝላል፣ ዝቅ ካለች ምቱ ይሰበራል። አያ ዋኘው እንዲህ ብለው ነው ያሠሩኝ።»

ሷሊሕን የያዘው ፖሊስ ሳቅ አለ። «ይቺን ለመምታትም ትምህርት ያስፈልጋል?»

«ሞክራት እስቲ» አለው ሐብተ ማርያም።

ፖሊሱ ቡጢውን ሰነዘረ። ኳሷ ጣውላውን መትታ ተመለሰችና አፍንጫውን አገኘችው። ሷሊሕ እጁ እንደ ታሰረ «እኔንም የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ነው ያደረገችኝ» አለ። «አንዴ ስትመታት ሦስት ጊዜ ጣውላውን ትነካለች። ቆጥረህ በቡጢህ ጎን፣ በትንሿ ጣትህ በኩል ትቀበላታለህ። ወራት ይፈጃል። እኔ ትቼዋለሁ።»

ሐብተ ማርያም ጠፍሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳበው። «ቀዳዳዎቹን ንገረኝ።»

ሷሊሕ በታሰሩ እጆቹ ዳበሳቸው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይሄ ዘለበቱ ከገባበት ብዛት አፉ ተከፍቷል፤ የአያ ዋኘው ነው። አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ እንደ በሳኋቸው ናቸው።» ስምንተኛውን በጥፍሩ ፈተሸ። ዘለበቱ አሁን የገባው እዚያ ነበር። «ይሄም ተከፍቷል። ግን የቆየ ነው፤ ጠርዙ ደርቋል፣ አቧራ ሞልቶበት ነበር። ዛሬ ነው እንደገና የተሰካው። አንድ አጭር ሰው ብዙ ጊዜ መትቶበታል።»

«ማን?»

«አላህ ያውቃል። እኔ ሠርቼ ሰጠሁ እንጂ ማን እንደሚመታ አላየሁም።»

ከወንድሙ አጠር ያለው አለነ ግቢው ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ቆሞ ነበር። ሐብተ ማርያም ሲጠራው ወንድሙን እንዳጣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ቀረበ።

«ትናንት ማታ ስትለየው ደኅና ነበር?»

«ሸጋ ሰው ትቼ ነው የወጣሁ። እግሩን እየታጠበ ነበር። ጧትም ኳሱን መትቷል አይደል? ማን ያልሰማ አለ?»

«አንተስ መትተህ ታውቃለህ?»

«እኔ ገበሬ ነኝ፣ ጌታዬ። ምን ብዬ በልጅ ዕቃ እጫወታለሁ? በጄም ነክቼው አላውቅ።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሐብተ ማርያም ሁሉንም በኳሷ ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል በጽጌሬዳ ተደግፈው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አድማሴ በሩ ዘንድ ቆመ፤ ሷሊሕ ከፖሊሱ ጋር፣ አለነ ከግድግዳው ሥር።

«ሁለቱም ቃሎች እውነት ናቸው» ብሎ ጀመረ። «ባሻ ማታ ሞቱ። ኳሷም ጧት ተመታች። የመቷት ግን እሳቸው አይደሉም። ጥብጣቦቻቸው ታጥፈው፣ ደርቀው ምስማር ላይ ናቸው፤ ሳይጠቀልሉ ደግሞ አይነኳትም።»

ውጭ ሙሾ የምታወርድ ሴት ድምፅ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ።

«ታዲያ ሌላ ሰው ለምን ይመታታል? ሰፈሩ ባሻ ጧት በሕይወት እንደ ነበሩ እንዲያምን ነው። ያን ጊዜ ማታ አብሯቸው የነበረ ሰው ነጻ ይወጣል። ማደሪያ ቤት ያደረ ሰው ደግሞ በጉም ተሸፍኖ ማለዳ ሊመለስ ይችላል። ሷሊሕ ይህን አይፈልግም፤ የጧቱ ምት እሱን ነው ያስያዘው።»

ወደ ኳሷ ተጠጋ። «የመታት ሰው አመታቱን ያውቃል። ያልለመደን እንዴት እንደምትቀበል ፖሊሳችን ይመሰክራል። ሰውዬው አጭርም ነው፤ በባሻ ቁመት ቢመታት ምቱ ስለሚበላሽበት ወደ ድሮ ቀዳዳው፣ ወደ ስምንተኛው አወረዳት። ሲጨርስ ግን ወደ ሦስተኛው መመለሱን ረሳ። እዚህ ከተሰበሰብነው ለዚያ ቀዳዳ የሚስማማ ቁመት ያላቸው ወይዘሮ ጽጌሬዳና አለነ ናቸው። እጃችሁን አሳዩኝ።»

ጽጌሬዳ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ ጭረት የለባቸውም። አለነ አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ጋቢውን ገለጠበት። የሁለቱም ቡጢዎቹ ጎን፣ ከትንሿ ጣት በታች፣ ቆዳው ተልጦ ቀልቷል።

«የበቅሎ ገመድ ነው የላጠኝ!»

«ገመድ መዳፍ ይልጣል» አለ ሐብተ ማርያም። «መዳፍህ ደኅና ነው። ከተውኸው ዓመታት ስላለፉ እጅህ ለስልሶ ነበር፤ ጥብጣቡን ለመጠቅለል ደግሞ ጊዜ አልነበረህም። ሷሊሕ እንደሚመጣ አላወቅህም። ሲመጣና ሲያዝ ግን ዝም አልህ።»

አለነ ጋቢውን ነጥቆ መልሶ ተከናነበ። «ነክቼው አላውቅም አልሁ! የተላጠ እጅና አሮጌ ጠፍር ይዘህ ነው ሰው የምትወነጅለው? ማነው ስመታ ያየኝ?»

«እሱን አላውቅም» አለ ሐብተ ማርያም። «ጽጌሬዳ ያኔ አልገባችም። ሷሊሕ አላየም። ሊያውቅ የሚችል አንድ ሰው ቀርቷል። አላስገድድም።»

ሁሉም ወደ በርጩማው ዞሩ። በጉሙ ውስጥ የፖሊስ ማኪና ሷሊሕን ሊወስድ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ተሰማ። ስድስት ሰዓት ደርሷል።

«እማዬ» አለ አለነ። «የቀረሁሽ እኔ ብቻ ነኝ።»

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ ገለጡ። ከዚያ ፊታቸውን ሰንሰለቱ ወደሚሰማበት አዞሩ። «ሷሊሕ፣ እናትህ ሐዲጃ አለች?»

«አለች፣ እማማ። ከጧት ጀምሮ አጥሩ ሥር ቆማለች።»

አሮጊቷ የጽጌሬዳን እጅ ለቀው በራሳቸው ቆሙ። ማኪናው በሩ ላይ ደርሶ ሞተሩን አጠፋ።

«የዋኘው ምት ግማሽ ሰዓት አይደክምም ነበር» አሉ። «የጧቱ ቶሎ ደከመ። ልቤ አውቆ አፌ እምቢ አለ። የመቶ አለቃ፣ ጻፍ። አለነ ለትምህርት እዚህ ሁለት ዓመት ሲቀመጥ ወንድሙ ጧት ጧት ኳሷን እያወረደ ያስተምረው ነበር፤ ያን ጊዜ ዓይኔ ያይ ነበር። የሷሊሕን እጅ ፍቱት። ሰኞ ዋኘው ሊቆም በነበረበት ችሎት እኔ እቆማለሁ።»