ዐሥር ስም ያለው አሰላለፍ

አቶ ሀብተወልድ እሑድ ጧት ዙሪክ ኦርሊኮን ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። መነጽራቸው ከዓይናቸው አልወለቀም፤ የእግር ኳስ ውጤት የሚመዘግቡበት ደብተር ጭናቸው ላይ ነበር። ሐኪሙ ልባቸው ነው ብሎ ፈርሞ ሄደ። ባለቤታቸው እትዬ ትርፌ ግን ከሟቹ ኮት ኪስ ሳይዋጥ የተደበቀ ዐሥር የልብ ክኒን አገኙና ሀጂራን አስጠሩ።

ሀጂራ የወንጀል መርማሪ ነበረች። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ፈርሚ የተባለችውን ወረቀት አልፈርምም ብላ ከአገር ወጣች፤ ዛሬ ሥራዋ ባቡር ላይ የተረሳ ጃንጥላና ቦርሳ መመዝገብ ነው። ሟቹን እንደ ታላቅ ወንድሟ ትወዳቸው ነበር። አሁን ግን ምንም አልተሰማትም፤ ውስጧ የጥርስ ሐኪም እንዳደነዘዘው ድድ ሆኖባታል።

«ልቡ አይደለም የገደለው» አሉ እትዬ ትርፌ። «ነግረውት ነው። ማን እንደነገረው አውጪልኝ። ያ ሰው ቀብሩ ላይ አይቆምም፤ ምያለሁ።»

እንዳይነገራቸው የተፈለገው የአንድያ ልጃቸው የበእምነት ሞት ነው። በእምነት በአሜሪካ ሊግ ተከላካይ ሆኖ ይጫወት ነበር፤ ከሃያ አራት ቀን በፊት መኪና ተገልብጦበት ሞተ። የአባትየው የልብ ቀዶ ሕክምና ወር መጨረሻ ላይ ስለነበር መርዶው ከዚያ ወዲያ ይሁን ተባለ። እስከዚያው ለዓይንህ አይሆንም ተብለው ስልክና ኮምፒውተር ተከለከሉ፤ የሊጉ ወሬ በሰው አፍ ብቻ ይደርሳቸው ጀመር። እሳቸው ደግሞ አዲስ አበባ ሳሉ ሠላሳ ዓመት የሊግ ሰንጠረዥ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሳምንቱን ውጤት ሳይሰሙ ቁርስ አይወርድላቸውም።

ሀጂራ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ብላ ከክኒኑ ጀመረች። በቀን የሚታዘዝላቸው ሁለት ነው። ዐሥሩ የአምስት ቀን ነው፤ ከቅዳሜ ወደ ኋላ ሲቆጠር ማክሰኞ ላይ ያርፋል። እንግዲህ ሰምተው መድኃኒቱን መዋጥ ያቆሙት ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ እትዬ ትርፌ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ሊጨርሱ ሆስፒታል ውለዋል። ቤት የነበረችው ቀን ቀን የምታስታምማቸው ዮሐና ናት። አቶ አስፋ፣ የሟቹ የልጅነት ጓደኛ፣ ጄኔቭ አጠገብ ካለችው ቨርሷ ደውለዋል። ሀጂራም ራሷ ከሥራ ስትወጣ ጎራ ብላ ነበር።

ጣቱ ሁሉ ወደ ዮሐና ተቀሰረ። ልጅቷ ዙሪክ ውስጥ ከዚህ ቤት ሌላ ዘመድ የላትም፤ ኩሽና ውስጥ ቆማ አንድ ብርጭቆ ደጋግማ ታጥብ ነበር።

«ጋሼ ጠየቁሽ?» አለቻት ሀጂራ።

«ጠየቁኝ። በእምነት ደህና ነው ወይ አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ሾርባው እንዳይቀዘቅዝብዎት አልኳቸው።» ዮሐና ብርጭቆውን አስቀመጠች። «መዋሸት አቃተኝ፣ እትዬ ሀጂራ። መናገርም አቃተኝ።»

አቶ አስፋ በስልክ ማሉ፣ ተገዘቱ። የበእምነትን ቡድን ወሬ ለእናትየው ትተው የሌሎቹን ቡድኖች ውጤት ብቻ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ እንዳነበቡላቸው ተናገሩ። ሀጂራ አመስግና ዘጋችና ደብተሩን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ሰኞ ከሰዓት፣ አቶ አስፋም ለቀብሩ በባቡር ከመጡ በኋላ፣ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«እትዬ ትርፌ» አለች፣ «ባለፈው ሳምንት እሑድ ለጋሼ ምን ነገሯቸው?»

«የልጁ ቡድን ኮሎምበስን ሁለት ለዜሮ አሸነፈ አልኩት። በእምነት ጉልበቱን ስላመመው ተቀመጠ አልኩ፤ ለምን አይደውልም እንዳይለኝ።»

«እዚህ ተጽፏል። ማክሰኞ ደግሞ አቶ አስፋ የኮሎምበስን ያለፉ አምስት ጨዋታዎች አነበቡላቸው። አምስቱንም አሸንፏል።»

«እውነት ነው እኮ፣ አሸንፏል» አሉ አቶ አስፋ። ወዲያው ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አዎ፣ እውነት ነው። ቡድኑ ልጁ ከሞተ ወዲህ አሸንፎ አያውቅም። እናንተ የዋሻችሁት ስለ አንዱ ቡድን ብቻ ነው፤ የተጋጣሚውን ግን እንዳለ ነገራችኋቸው። አንድ ጨዋታ ሁለት አሸናፊ የለውም። ጋሼ ሁለቱን መስመሮች በቀይ አያይዘዋቸዋል።»

«ታዲያ ከዚህ ተነሥቶ ሞቱን እንዴት ያውቃል?» አሉ አቶ አስፋ።

«ሽንፈት ማን ይደብቃል? ሐበሻ እንዲህ ተማክሮ የሚደብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሳቸውም በዕድሜያቸው ለስንት ሰው ደብቀዋል። የቀራቸው ማረጋገጥ ነበር፤ ለዚያ መርማሪዋን፣ እኔን ጠየቁ። በእምነት ቅዳሜ ተጫወተ ወይ አሉኝ። እኔም ዘጠናውንም ደቂቃ አልኳቸው።» ድምፅዋ አልተለወጠም። «እናቱ ተቀመጠ ብለዋል፤ እኔ ተጫወተ አልኩ። ስንቱን ውሸታም ያወጣሁ ሰው ለአንድ ሽማግሌ እንደ ጀማሪ ዋሸሁ።»

ደብተሩን አዞረችላቸው። ሟቹ በየሳምንቱ የልጃቸውን ቡድን አሰላለፍ ይጽፉ ነበር። አቶ አስፋ የማክሰኞውን በጣታቸው ቆጠሩት፤ ዐሥር ስም ብቻ ነው። የበእምነት ቦታ ባዶ ተትቷል፤ ተተኪም አልገባበትም።

«ዮሐና አንዲት ቃል አልነገረቻቸውም» አለች ሀጂራ። «የነገርናቸው እኛ ሦስታችን ነን።»

እትዬ ትርፌ ደብተሩን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ማክሰኞ ማታ ባላቸው ጥሩ ሳምንት ነው፣ ልጁ እያሸነፈ ነው ብለው ሳቅ እንዳሉላቸው ተናገሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሟቹ መታጠቢያ ቤት ገብተው ውኃ ከፍተው ይቆዩ ነበር።

«እኔ ደግሞ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ጋ ወርጄ ነበር የማለቅሰው» አሉ። «አብረን ማልቀስ እንችል ነበር እኮ።»

እትዬ ትርፌ ደብተሩን ዘጉ።

«እንግዲህ በመሐላዬ ከሆነ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ነገ ዮሐና ብቻዋን ልትቀብረው ነው።»

«ብቻዬንማ አልችልም» አለች ዮሐና። ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።