ከቀለሙ ሥር

ሽማግሌው የወደቁት ሠራተኛው ገና ልብስ ሳይቀይር ስለነበር፣ መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬናቸው የተሸፈነው በገዛ ሽርጣቸው ነበር። ከሽርጡ ኪስ የወጣች ቁራጭ ጠመኔ ሲሚንቶው ላይ ተንከባልላ ቀርታለች። ከራስጌያቸው ለአንድ ትምህርት ቤት ፎቅ የተሠራ የብረት ደረጃ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ አረንጓዴ ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ የላይኛው እርከኑ ግን ባንድ ጎኑ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል።

በብየዳ ቤቱ «ጋሽ አይሆንም» ይሏቸው ነበር። ሥራቸው ብየዳ መፈተሽ ነበር። ያልጣማቸውን ሥራ አይተው «አይሆንም» ካሉ ባለቤቱም ቢለምናቸው ንቅንቅ አይሉም። ጋሽ አይሆንም መንግሥተ ሰማያት ሲደርሱ የበሩን ማጠፊያ ሳይፈትሹ አይገቡም እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ያን ጠዋት ግን ለመቀለድ አፍ ያለው ሰው አልነበረም።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል። ሌላው ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲሄድ እሷ ገና ወለል ላይ ተንበርክካ ስለምትገኝ ነው። ስሙ አያስከፋትም፤ እንዲያውም ደስ ይላታል።

የብየዳ ቤቱ ባለቤት ቢሮው ውስጥ ተቀበላት። ከወንበሩ በላይ ስለ እውነት የሚናገር ጥቅስ በወርቃማ ፊደል ተሰቅሏል።

«ሙት መውቀስ አይሁንብኝና አርጅተው ነበር፣ እህቴ» አለ። «ሁለት መንትያ ደረጃ ሠራን፤ ሁለቱንም አሳለፏቸው። አንዱ ትናንት ማምሻውን ተጭኖ ሄደ። ይሄኛው ዛሬ ሊሄድ ነበር። ሕፃናት ቢወጡበት ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?»

«ማሳለፋቸውን በምን አወቁ?»

«ተቀብቷላ። እዚህ ቤት ሳይፈተሽ ቀለም የሚነካው ብረት የለም። ባዶው ብረት ላይ በጠመኔ መስመር ካሰመሩ አልፏል፣ ይቀባል። ኤክስ ካደረጉበት ወድቋል፣ ይፈታል። የተቀባ ነገር ያለፈ ነገር ነው።»

ለምን ወደ ላይ እንደወጡም ነገራት። ማንኛውም ደረጃ ከመጫኑ በፊት ጫፉ ላይ ቆመው አጭር ጸሎት ያደርሱ ነበር። ሰው የሚቆምበትን እኔ ሳልቆምበት አልሸኝም ይሉ ነበር።

ቀለም ቀቢዋ ዓይኗን ከወለሉ ሳትነቅል መሰከረች። ሁለቱም ላይ መስመር ማየቷን፣ ሁለቱንም መቀባቷን በቃሏ እንዳጠናች ተማሪ አነበነበች። ደረጃዎቹን የሠራው በያጅ ደግሞ በተደፋ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ሽማግሌው ሙያውን ከሀ ጀምረው ያስተማሩት፣ ኋላም ልጃቸውን የዳሩለት እሱ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን መዘምራንም ውስጥ አብረው ያገለግላሉ። የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አባባ አልፏል ካሉ እኔ ምን እላለሁ?

መርማሪዋ ደረጃው አጠገብ ተንበረከከች። የታችኛው እግሩ ላይ ቀለሙ ተላጦ ነበር፤ የተላጠው ግን እንዲሁ ተሰባብሮ ሳይሆን በሁለት ቀጫጭን መስመሮች ተጠላልፎ ነው። ጥፍሯን ብታሳርፍበት ነጭ ዱቄት ወጣ። ከዚያ ወደ ተገነጠለው እርከን ቀና አለች። ሌላው ቦታ ቀለሙ ስስ ነው። በተሰበረው መጋጠሚያ ላይ ግን ተደራርቦ እስኪንጠባጠብ ተለስኗል። የብየዳው ውስጥ ባዶ ነበር። ልቧ ደስ አላለውም፤ እውነቱ ወዴት እንደሚሄድ ገና ሳይደርስ ታይቷት ነበርና።

ከሰዓት በኋላ የሟች ልጅ ቤት ሄደች። ልጅቱ እርጉዝ ናት፤ ወሯ ገብቷል። የአባቷን ትርፍ ሸሚዝ ጭኗ ላይ አጥፋ፣ ፈታ፣ መልሳ ታጥፈዋለች።

«ሞትስ የማንም ነው» አለች። «አባዬ ግን ያላየውን አየሁ ብሎ አሰመረ ተብሎ ይቀበር? አዎን ወይም አይደለም፣ ሦስተኛ ምልክት የለኝም ይል ነበር። እግዚአብሔር ከቀለሙ ሥር ያያል ይል ነበር። የሚወለደው ልጄ አያትህ ውሸታም ነበር ይባል?»

«ሥራ ሲጥሉ ጥፋቱን ለማን ነበር የሚነግሩት?»

«ለሠሪው ብቻ። ሰው በሰው ፊት እንዲያፍር አይወድም። ኤክሱን ከታች እግሩ ላይ አድርጎ፣ ሠሪውን ለብቻው ጠርቶ ቦታውን ያሳየዋል።»

መርማሪዋ እጇን ያዘቻት። «ልጄ፣ የአባትሽን ስም ብመልስልሽ፣ ሌላ ነገር ከእጅሽ ቢወጣስ?»

ልጅቱ ሸሚዙን ማጠፏን አቆመች። ባሏ አባቷ በሞቱበት ዋዜማ አምሽቶ ገብቶ እጁን በነጭ ጋዝ ሲያሽ ማየቷን ተናገረች። መዝሙር ልምምድ ነበረን ብሏት ነበር።

«ሲናገሩ እዚያ ብገኝም ለእኔ አይዘኑልኝ» አለች። «አባዬ ቢሆን ይናገሩ ነበር የሚልዎት።»

በማግስቱ ጠዋት ልጅቱም ሳትቀር ሁሉም ደረጃው ሥር ተሰበሰቡ። ውጭ የጭነት መኪናው ሞተሩ ተነስቶ የበረንዳ ብረቶች ሊጭን ይጠብቃል። መርማሪዋ ጠመኔ የተሰመረበት ቁራጭ ብረት ለቀለም ቀቢዋ ሰጠቻትና እንድትቀባው ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ቡሩሿን አነሳች። ከዚያ ልማድ ሆኖባት እርጥብ ጨርቅ ሳብ አድርጋ መስመሩን ጠረገች።

«ለምን ጠረግሽው?»

«ጠመኔ ላይ ቀለም አይዝማ፤ ይላጣል…» ቃሏ አፏ ላይ ቀረ። መርማሪዋ ወደ ደረጃው እግር፣ ቀለሙ በኤክስ ቅርጽ ወደተላጠበት እያመለከተች ነበር።

«ይህን ደረጃ የቀባሽው አንቺ አይደለሽም። አንቺ ብትሆኚ ትጠርጊው ነበር። ጋሽ አይሆንም ይህን ደረጃ አላሳለፉትም፤ ጥለውታል። እሳቸው ከወጡ በኋላ ጥሩው ደረጃ ተጭኖ ሄደ፤ የወደቀው ተቀብቶ በእሱ ቦታ ቆመ። ጠዋት ሲገቡ ያዩት ራሳቸው ያሳለፉት መሰላቸው፤ የጣሉት ደግሞ ሊፈታ የተነሳ። እዚህ ቤት የተቀባ ነገር ያለፈ ነገር ነውና። ያመኑት የገዛ ደንባቸውን ነው።»

ቀቢዋ አለቀሰች። እንዲህ በይ ያላት ባለቤቱ መሆኑን፣ እንጀራዋን ፈርታ እሺ ማለቷን ተናገረች። ባለቤቱ ጥቅሱ ወደተሰቀለበት ቢሮ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየ።

«ቤቱ እንዳይዘጋ ብዬ ነው» አለ። «ማን እንደቀባው አላውቅም። ነገ መጫን አለበት ነው ያልኩት፤ እንዴት ብዬ አልጠየቅሁም።»

«የእርስዎ ጥፋት አለመጠየቅዎ ነው» አለች መርማሪዋ። «ከሞተ ሰው ላይ ስም መግፈፍዎ ደግሞ ሌላ። የቀባው ሰው ግን የት እንደሚደብቅ ያውቅ ነበር። ኤክሱ ከታች ነው፤ ጥፋቱ ከላይ። ቀለሙ ተደራርቦ የተለሰነው ከላይ፣ ባዶው ብየዳ ላይ ብቻ ነው። ያን ቦታ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ የጣሉትና የሠራው።»

በያጁ ለመካድ እንኳ አልሞከረም። ቀና ብሎ ሚስቱን አያት።

«ለብቻዬ ጠርተው ነገሩኝ። ‹ልጄ፣ የላዩ ውስጡ ባዶ ነው፣ ነገ ፈትተን አብረን እንሠራዋለን› አሉኝ። ደክሞኝ ነበር። አለቃም ነገ ይጫን አሉ። ትምህርት ቤቱ ስንተክለው ደግሜ እበይደዋለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ጠዋት በሩ ላይ ስደርስ አባባ ጫፉ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። ብጮህ ይሰሙኝ ነበር። ብጮህ ግን መቀባቴ ይታወቃል። ትንፋሽ ለመሳብ ያህል ዝም አልኩ። በዚያችው ሄዱብኝ።»

መርማሪዋ ይህን ያህሉን አላወቀችም ነበር፤ ባላወቅሁት ብላ ተመኘች። ከቦርሳዋ ያቺን ቁራጭ ጠመኔ አውጥታ ለልጅቱ ሰጠቻት፤ የአባትሽ ናት አለቻት።

ልጅቱ ሆዷን ደግፋ ባሏ ፊት ሄዳ ቆመች። ግድግዳው ሥር ገና ያልተቀቡ የበረንዳ ብረቶች ተደርድረዋል፤ አባቷ ሊፈትሿቸው ያልደረሱባቸው ናቸው።

«እነዚህን የሠራህ አንተ ነህ» አለችው። «አሁን ማን ይፈትሻቸው?»

ጠመኔዋን ዘረጋችለት። ለመቀበል ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ወደ ብረቶቹ ሄዶ በመጀመሪያው ላይ አጎነበሰ፣ መጋጠሚያዎቹን ባውራ ጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሰና ኤክስ አደረገበት። ሁለተኛውንም ጣለው። ባለቤቱ የሆነ ነገር ሊል ብሎ ተወው። ሦስተኛው ላይ በያጁ ብዙ ቆየ፤ ገልብጦ አየው፤ ደግሞ አየው። ከዚያ አንድ መስመር አሰመረ።

«እውነትህን ነው?» አለችው።

«እውነቴን ነው።»

መዳፏን መስመሩ አጠገብ አሳረፈች። ስለ ብየዳ የምታውቀው ነገር የለም፤ ግን አመነችው። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ያልወጣላት ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣላት፤ ቀለም ቀቢዋ ሮጣ ደገፈቻት። መርማሪዋ በያጁን በክንዱ ይዛ ወደ በሩ ወሰደችው። ሹፌሩ ሲያልፉ አያቸውና የመኪናውን ሞተር አጠፋ።