መዝገብ የገባችው ጀልባ

እናንተዬ፣ በዚህ ሐይቅ ዳር እንደ እሷ ጥንታዊ ዕቃ የሚያውቅ አልተፈጠረም! ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ራሷ ናት። የቅርስ ማኅበሩ መዝጋቢ ሆና ከተቀጠረች ወዲህ «እንጨት ካሸተትኩ ዕድሜውን እናገራለሁ» እያለች ሰፈሩን ስታሰለች ከርማለች።

አንድ ቅዳሜ ማኅበሩ «የአያቶቻችሁን ዕቃ አምጡና በራችን ላይ አኑሩ» ብሎ አስነገረ። ሰኞ ጠዋት ስትመጣ፣ ከተሰበሩ መቅዘፊያዎችና ከተበጣጠሱ መረቦች መሃል አንዲት ጠቋራ ጀልባ ጣሪያው ሥር ተጠግታለች። ጎንበስ ብላ አሸተተቻት።

«መቶ ዓመት! ቢያንስ!»

በአራት ሰው አስገፍታ አዳራሽ አስገባቻት። ቁጥር መቶ አሥራ ሁለት ብላ መዘገበቻት፤ «አትንኩ» የሚል ካርድም ለጠፈችባት።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ የሬንጅ ቆርቆሮ አንጠልጥሎ ከተፍ አለ።

«እህት፣ በራፉ ላይ ጀልባ አላየሽም? ዝናብ እንዳይመታት አስጠግቻት ሬንጅ ልገዛ ሄጄ ነበር።»

«ጀልባ አላየሁም። ቅርስ ግን አለ» አለችና በኩራት አሳየችው።

ካርዱን አነበበ። ከዚያ እሷን አየ።

«የኔ እመቤት... ይህችን እኮ ባለፈው ዓመት ነው የሠራኋት!»

«ዋሸህ! እንጨቱ...»

«እንጨቱማ የፈረሰ መጋዘን በር ነው። እጀታው እንኳ አልተነቀለም፤ ያውልሽ!»

እጀታው ነበረ። ክው አለች። ደግሞ ዓይኑ! እንደዚያ ዓይነት ዓይን ያለው ሰው ፊት መሳሳት እንዴት እንደሚያሳፍር!

የማኅበሩ ደንብ ግን ደንብ ነው፤ መዝገብ የገባ ዕቃ ያለ ስብሰባ አይወጣም። ስብሰባው ደግሞ ሃያ ቀን ይቀረዋል።

«እስከዚያ በምን ላጥምድ? በባልዲ?»

«መጎብኘት... ይቻላል» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ።

አላፈረም፣ መጎብኘት ጀመረ! የሰው ጀልባ ላይ ሲታዘዝ ውሎ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መጥቶ ከጀልባዋ አጠገብ ቁጭ ይላል። ጎብኚ ሲመጣ «በግራ በኩል ውሃ ታስገባለች» እያለ ያስረዳል። እሷ ትቆጣለች። ከዚያ ትስቃለች። ከዚያማ... ገና በስምንት ሰዓት መስኮቱ ጋ መቆም ጀመረች።

ስብሰባው ሲቃረብ ልቧ ፈራ። ጀልባዋ ከወጣች እሱ ምን ሊያደርግ ይመጣል? ሊቀመንበሩን «ጋሼ፣ አባላቱ አይመቻቸውም፤ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፍ» አለቻቸው። ተላለፈ።

እሱ ደግሞ ከራሳቸው ከሊቀመንበሩ አፍ ሰማ።

«አንቺ ነሽ ያስተላለፍሽው?»

«እ... እኔ እኮ...»

«የሰው ጀልባ ላይ ስታዘዝ እንደምውል እያወቅሽ! እኔ ሞኙ ደግሞ የምታስቢልኝ መስሎኝ...»

በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባዶውን ወንበር እያየች አለቀሰች።

በአራተኛው ቀን የአባላቱን በር አንድ በአንድ አንኳኩታ ሰበሰበቻቸው። ለእሱም ሰው ላከችበት። ከዚያ ተነሣች።

«መቶ አሥራ ሁለት ቅርስ አይደለችም። የመጋዘን በር ናት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ስብሰባውን ያስተላለፍኩትም... ባለቤቷ መምጣቱን እንዳይተው ብዬ ነው።»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ የመጨረሻው ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር?»

«ይስፈር!» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ በኩል። እሱ ነበር!

እጅ ወጣ፤ ጀልባዋ ተለቀቀች። ሊቀመንበሩም «ሥራሽ ይቀጥላል። አፍንጫሽ ግን ይረፍ» ብለው ስብሰባውን ዘጉ።

ውጭ ደረጃው ላይ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

«ከእንግዲህ አትመጣም፣ አይደል?»

«ለጀልባዋማ የመጣሁት የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለማን የምመጣ መሰለሽ? ... ታገቢ...»

«አዎ!»

«አስጨርሺኝ እንጂ!»

ጀልባዋ ሬንጅ ተቀብታ ውሃ ላይ በዋለች ቀን እሷን ከኋላ አስቀመጣት። ነፋሱ ፀጉሯን ሲነካ፣ ውሃው ጀልባዋን ወዝወዝ ሲያደርግ ዓይኗን ጨፈነች።

«ውዴ... ዳርቻው ርቆ ርቆ ሲጠፋ ይታወቀኛል። ዓለምን ትተን ሄድን! አሁን እኔና አንተ ብቻ...»

«ገመዱ ላይ ተቀምጠሻል። ተነሽልኝና ልፍታው።»