ያልተመለሰው ቦታ

ፍቅራቸው በጠብ ነው የተጀመረው። በጠብ መቀጠሉም ማንንም ሊገርም አይገባም።

እሷ በታላቅ ወንድሟ የኮምፒውተር መደብር፣ በጓዳው ክፍል፣ የደንበኞችን ፋይል የሚያከማቸውን ሰርቨር ትጠብቃለች። እሱ አዲስ የተቀጠረ ቴክኒሺያን ነው። ገና በገባበት ቀን ስክሪኑን አየና፣ «ይሄን ሁሉ ሜሞሪ የሚበላው ምንድን ነው?» አላት።

«ዜድኤፍኤስ» አለች፤ ፋይሎቹን ዲስክ ላይ የሚያደራጀውን ሥርዓት ስም።

«ጅብ በይው! ኤክስት ፎር ብትጭኚበት እኮ በሩቡ ይሮጣል።»

«ይሮጣል። የተበላሸ ፋይል ተሸክሞም ይሮጣል። የኔው የጻፈውን መልሶ ያጣራል፤ አንዱ ዲስክ ቢዋሽ ያንኑ ቅጂ ከያዘው መንታው አምጥቶ ያርመዋል። አንተ ቤትህ፣ ላፕቶፕህ ላይ ያሻህን ጫን።»

«ቢቲአርኤፍኤስስ? እሱም ያጣራል፤ እንዲህም አይበላም።»

«ለቤት ጥሩ ነው። ዲስክ አብዝተህ በራይድ ፋይቭ እንደ አንድ ስታስረው ግን፣ መብራት በሄደ ቁጥር ልብህ አብሮ ይሄዳል።»

«ልቤማ ሄዷል።»

የያዘችውን መፍቻ ወረወረችበት። ጎንበስ ብሎ አመለጠና ሳቀ። ከዚያ ወዲህ እሷ «ቀላሉ» ትለዋለች፤ እሱ «ወይዘሪት ጥርጣሬ» ይላታል። ስድቡ እየለዘበ፣ ዝምታው እየረዘመ ሲሄድ፣ ሁለቱም የሆኑትን አወቁት።

ወንድሟን ሁሉም «ጋሼ» ይለዋል። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋትም ያስተማራትም እሱ ነው። ደግ ነው፤ ግን እጁ ከአፉ ይቀድማል። ለእህቱ ባል አድርጎ ያሰበላትም ነጋዴ ጓደኛውን ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ጓዳ ሲገባ፣ ሁለቱን እጅ ለእጅ ተያይዘው አገኛቸው። የመደርደሪያውን ብረት ነቀለ።

የመጀመሪያው ምት የቀላሉን መንጋጋ ሰበረው። ሁለተኛው ጎድኑን። ቀላሉ ወድቆ በእጁና በጉልበቱ ሊሸሽ ሲዳክር፣ ጋሼ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው እግሩን አንፈራጦ ጀርባውን ወቀጠው። እህቱ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለች፤ በክርኑ መትቶ ጣላት። ያቆመው ክንዱ ሲዝል ብቻ ነው።

ለፖሊስ ግን «በቢላዋ መጣብኝ፤ ራሴን ነው የተከላከልኩት» አለ። ቀላሉ መንጋጋው በሽቦ ተጠፍሮ፣ እጁ ከሐኪም ቤቱ አልጋ ብረት ጋር በካቴና ታሰረ። እሷ ብትመሰክርም መርማሪው «ፍቅረኛው አይደለሽ?» ብሎ አጣጣላት። እሱን ከእስር የሚያድነው የጓዳው ካሜራ የቀረጸው ቪዲዮ ብቻ ነበር።

ሐኪም ቤት አድራ ጠዋት ቪዲዮውን ልታወጣ ወደ መደብሩ ስትመጣ፣ ጋሼን ስክሪኑ ፊት ቆሞ አገኘችው።

«ቪዲዮውን ሰረዝኩት» አላት። «ዲስኩ ላይ የያዘው ቦታ ግን አልተመለሰም።»

«ይዘገያል።»

«እኔ ነጋዴ ነኝ። ከጆንያ እህል ካወጣሁ ጆንያው ይጎድላል። የት ነው ያለው?»

ሰርቨሩ በየሰዓቱ የራሱን ስናፕሾት፣ ማለትም የዚያን ሰዓት ምስል፣ ያነሳል። ከዚያ በኋላ የተሰረዘ ፋይል ከፊት ይጥፋ እንጂ፣ ስናፕሾቱ እስካለ ድረስ አለ፤ ቦታውንም አይለቅም። ይህንን የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም፤ ጋሼ ግን የጠረጠረው በጆንያ ስሌት ነበር።

ፀጉሯን ጨምድዶ ፊቷን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው። ከንፈሯ ተሰነጠቀ።

«አጥፊው! ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ሲባል አልሰማሽም? እኔ ስታሰር እማዬ ምን ትሆናለች?»

አንዲት መስመር ትእዛዝ ብትጽፍ ሁሉም ያበቃል። ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ናቸው። ያሳደጋት ሰው ትንፋሽ ማጅራቷን ያቃጥላል።

«አልጽፍም» አለች።

መዶሻ አነሳ። «ካሜራ» የሚል ከተለጠፈባቸው መንታ ዲስኮች አንዱን መዝዞ፣ መሬት ላይ ጥሎ እስኪደቅ ቀጠቀጠው። ሰርቨሩ ጮኸ እንጂ አልቆመም። ጋሼ ወደ ሁለተኛው ሲዞር ቀደመችው። መዶሻው የግራ እጇ አንጓ ላይ አረፈ፤ በቀኟ ግን ዲስኩን መዝዛ ነበር። አንዱ መንታ ብቻውን ሙሉ ነው። ሮጠች።

በሩ ላይ ደረሰባት። የብረቱን መዝጊያ በትከሻዋ ስትገፋው ጣቶቹ መሃል ገቡ። አጥንት ሲንኮሻኮሽ ሰማች።

«ይቅርታ ጋሼ!» ብላ ጮኸች። ይቅርታ አለች እንጂ መግፋቷን አልተወችም።

በማግስቱ፣ ፖሊስ ዲስኩ ላይ የቀረውን ቪዲዮ ካየ በኋላ፣ ካቴናው ከቀላሉ እጅ ወጥቶ ወደ ጋሼ እጅ ሄደ። እናቷ ሐኪም ቤት መጡ። በሩ ላይ ቆመው ልጃቸውን አዩ፤ በፋሻ የታሰረ ክንዷን፣ ያበጠ ከንፈሯን።

«ሁለት ልጆች ነበሩኝ» አሉ። «አንዷ አንዱን አሰረችብኝ።»

«ቢገድለው ኖሮስ እማዬ?»

«ባዳ ነው!»

«እንግዲያው አገባዋለሁ። ያኔ ዘመድ ይሆናል።»

ከአልጋው ላይ፣ በታሰሩ ጥርሶች መሃል፣ «እኔን... የጠየቀኝ... አለ?» የሚል ድምፅ መጣ።

«አንተ እንዳትናገር ተብለሃል!»

ሳቁ አመለጠው፤ ሽቦው ድዱን ቀደደው፤ ደሙ በአገጩ ወረደ። በደህና እጇ ልትጠርግለት ብትሞክር እጅጌዋ ብቻ ነበራት። እናቷ ጥቂት አዩዋቸው። ከዚያ ከቦርሳቸው መሐረብ አውጥተው አልጋው ላይ ወረወሩና፣ ወንድ ልጃቸው ወደታሰረበት እስር ቤት ሄዱ።